በቴፑ ፊት ላይ የነበረችው ትንሽ ምልክት

የድምፅ መሣሪያ ፈጣሪው ሬይ ዶልቢ የአእምሯቸውን ውጤት በፈቃድ ውል እያከራዩ ዓለምን አዳረሱ፤ አንድሪያስ ፓቬል ግን ለመብታቸው ከሃያ ዓመት በላይ ተሟገቱ። የሪያድን ስም የያዘው አዲሱ ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲህ ያሉትን ታሪኮች ደግሞ ለማንበብ ጥሩ ምክንያት ሆኗል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከሪያድ ወይም ከጅዳ ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ሻንጣውን ሲያስር ከልብሱና ከሽቶው ጋር ቴፕ መያዙ የተለመደ ነበር። ቴፑ ቤት ሲገባ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የቁርኣን ቲላዋ፣ ዳዕዋ፣ መንዙማ ይደመጣል። በስደት ያለ ልጅ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ይልካል፤ ፊደል ያልቆጠረች እናትም ደብዳቤ የሚያነብላት ሰው ሳትፈልግ የልጇን ሰላምታ ከራሱ አንደበት ትሰማለች። ለብዙ ቤተሰብ ካሴት ፖስታም፣ መድረሳም፣ የናፍቆት ማስታገሻም ሆኖ አገልግሏል።

በብዙዎቹ ቴፖች ፊት ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ትታይ ነበር። ቀጥ ያለ ጀርባቸውን ወደ ውጭ አድርገው ሆዳቸውን ያገናኙ ሁለት የላቲን «ዲ» ፊደላት ናቸው፤ ከጎናቸው «ዶልቢ» የሚል ቃል አለ፤ አጠገቡም የምትጫን ወይም የምትገፋ ቁልፍ አለች። ብዙ ገዢ ምልክቷን የፋብሪካው ስም ወይም የሞዴሉ መለያ ይላት ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዶልቢ የሰው ስም ነው። ሰውየው እነዚያን ቴፖች አልሠሩም፤ አልሸጡምም። ፋብሪካዎቹ ግን ምልክቷን ባሳረፉበት መሣሪያ ልክ ለዶልቢ ድርጅት ክፍያ ይፈጽሙ ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አንድ ፈጣሪ ፋብሪካ ሳያቆም ሥራው በሚሊዮኖች ቤት የሚገባው በምን መንገድ ነው? ለምንስ ሌላው ፈጣሪ ያንኑ መንገድ ጀምሮ በፍርድ ቤት ደጃፍ ዕድሜውን ጨረሰ? ጥያቄው ዛሬም ሕያው ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 11 እስከ 22 ቀን 2024 የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል አገራት በሪያድ ተሰብስበው የኢንዱስትሪ ንድፍ ሕግን የሚመለከት ስምምነት አጽድቀዋል፤ ስሙንም የሪያድ የንድፍ ሕግ ስምምነት ብለውታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከትምህርት ቤት ወደ መሣሪያ ክፍል

ሬይ ዶልቢ በ1933 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን በካሊፎርኒያ ነው። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ አምፔክስ የተባለው የቴፕ መቅጃ አምራች ኩባንያ መሥራች አሌክሳንደር ፖንያቶፍ ለሚሰጡት ገለጻ ፊልም የሚያሳይ ሰው ይፈልጋሉ። ወጣቱ ሬይ በፈቃዱ ይቀርባል። ሁለቱ በዚያ ተዋወቁ፤ ተማሪውም በትርፍ ጊዜው በኩባንያው መሥራት ጀመረ። አምፔክስ በ1956 ለገበያ የሚበቃውን የመጀመሪያ የቪዲዮ ቴፕ መቅጃ ይፋ ሲያደርግ፣ ገና ዩኒቨርሲቲውን ያልጨረሰው ዶልቢ ከፈጣሪው ቡድን አባላት አንዱ ነበር።

ዶልቢ በ1957 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቀው ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ፤ በ1961ም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ከ1963 እስከ 1965 ባሉት ዓመታት ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ማለትም የዩኔስኮ አማካሪ ሆነው በሰሜን ህንድ በቻንዲጋር ሠሩ። በዚያ አገር ሳሉ ድምፅ በቴፕ ይቀዱ ነበርና የቀረጻን ሁሉ ጠላት ደጋግመው አሰቡበት፤ ጠላቱም ከቴፑ ከራሱ የሚወጣው ሽሽታ ነው።

የሽሽታው ምክንያትና መፍትሔው

ቴፕ በላዩ ደቃቅ የመግነጢስ ቅንጣቶች የተለበጡበት ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ቅንጣቶቹ ፍጹም እኩል ሆነው ስለማይደረደሩ፣ ምንም ያልተቀዳበት ቴፕ እንኳ ሲዞር «ሽሽሽ» የሚል ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ቀሪኡ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሽሽታው ይዋጣል፤ በአያትና በአያት መካከል ትንፋሽ ሲወስድ ግን ጎልቶ ይሰማል። ሽሽታውን በቀላል ማጣሪያ ለመቁረጥ የሞከሩ ነበሩ፤ ይሁንና ማጣሪያው ከሽሽታው ጋር የንግግሩንም ጥራት ይወስደዋል፤ ድምፁ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ያህል ይታፈናል።

የዶልቢ መፍትሔ ሁለት እርምጃ አለው። በመጀመሪያ፣ ድምፁ በሚቀዳበት ጊዜ ደካማውና ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ተለይቶ ከፍ ይደረጋል፤ ጠንካራው ድምፅ እንዳለ ይተዋል፤ ምክንያቱም ጠንካራ ድምፅ ባለበት ጆሮ ሽሽታውን አይለየውም። ቀጥሎ፣ ቴፑ በሚደመጥበት ጊዜ ቀድሞ ከፍ የተደረገው ክፍል በዚያው መጠን ዝቅ ይደረጋል። ንግግሩ ወደ ተፈጥሯዊ ልኩ ሲመለስ፣ በመካከል የገባው የቴፑ ሽሽታ ግን አብሮ ዝቅ ይላል። መጠኑ 10 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ በሰው ጆሮ ሲለካም ሽሽታው በግማሽ የቀነሰ ያህል ነው።

ዶልቢ በ1965 ወደ ለንደን ተመልሰው ድርጅታቸውን በጥቂት ሠራተኞች አቋቋሙ። ለድምፅ ቀረጻ ስቱዲዮዎች የተዘጋጀውና ድምፁን በአራት ክፍል ከፍሎ የሚያጠራው የመጀመሪያው መሣሪያ፣ በ1966 በእንግሊዙ የዴካ የድምፅ ቀረጻ ኩባንያ ገዢ አገኘ። መሣሪያው ውድ ነበር፤ ግዝፈቱም ለቤት የሚሆን አልነበረም።

መሥራት ወይስ መፍቀድ?

የዶልቢን ሕይወት የለወጠው ውሳኔ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የአሜሪካ የድምፅ መሣሪያ አምራች የነበሩት ሄንሪ ክሎስ፣ ይኸው ዘዴ ለቤት መሣሪያ በሚሆን መልኩ ቀልሎ እንዲዘጋጅ ጠየቁ። ዶልቢም ሽሽታው የሚበረታበትን የቀጭን ድምፅ ክፍል ብቻ የሚያክም፣ ወጪው ያነሰ ሁለተኛ ዓይነት ነደፉ፤ በ1968ም በክሎስ ኩባንያ መሣሪያ ላይ ለገበያ ቀረበ።

በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ከፊታቸው ነበር። አንደኛው፣ ራሳቸው ቴፕ እየሠሩ ከጃፓንና ከአውሮፓ ታላላቅ ፋብሪካዎች ጋር መፎካከር ነው። ሁለተኛው፣ ለፋብሪካዎቹ ሁሉ ፈቃድ ሰጥቶ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ አነስተኛ ክፍያ መቀበል ነው። ዶልቢ መንገዱን ከፈሉት። ጥቂት ሰው የሚገዛውንና ከፍተኛ ጥራት የሚጠይቀውን የስቱዲዮ መሣሪያ ራሳቸው ሠሩ፤ ሚሊዮኖች የሚገዙትን የቤት መሣሪያ ግን ለሌሎች ፈቀዱ።

ክፍያው አነስተኛ መሆኑ ትልቅ ምስጢር ነበረው። የፈቃዱ ዋጋ ከተወደደ ፋብሪካዎች የራሳቸውን ዘዴ ለመፈለግ ይነሣሣሉ፤ ዋጋው ቀላል ከሆነ ግን ፈቃዱን መውሰድ ከመከራከርም ከመኮረጅም ይረክሳል። በ1970ዎቹ ዘዴው በአንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ መሥፈር ሲችል ደግሞ ቴክኖሎጂው ወደ ብዙ ዓይነት መሣሪያ ወረደ።

ፈቃዱ ከገንዘብ በላይ የሆነ ጥቅምም ነበረው። ቅጂውና መደመጡ እንደ ቁልፍና መቆለፊያ የተያያዙ ናቸው፤ በአንዱ መሣሪያ የተቀዳ ካሴት በሌላው ሲደመጥ ልኩ ካልገጠመ ድምፁ ይበላሻል። ስለዚህ ፈቃድ የሚወስደው ሁሉ የተወሰነውን መለኪያ እንዲያሟላ ውሉ ያስገድደው ነበር። መለኪያውን ያሟላ ምልክቷን ያሳርፋል፤ ያላሟላ አያሳርፍም። በሪያድ ገበያ ቴፕ የሚመርጠው ሰው ምልክቷን ፈልጎ የሚገዛው ከዚህ የተነሣ ነው። የፓተንት ዘመን ሲያልቅ ሥራው የሁሉም ይሆናል፤ የንግድ ምልክት ግን በየጊዜው እየታደሰ ይኖራል። ዶልቢ ሁለቱን አጣምረው ያዙ።

ዋና መሥሪያ ቤቱ በ1976 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛወረ። ከካሴት በኋላ ሲኒማ ቤት፣ ከሲኒማ ቤት በኋላ የዲጂታል ድምፅ ተከተለ፤ የገቢው ዋና ምንጭ ግን ያው የፈቃድ ውል ሆኖ ቀጠለ። ድርጅቱ በ2005 አክሲዮኑን በኒው ዮርክ ገበያ አቀረበ። ከ50 በላይ የአሜሪካ ፓተንቶች የነበሯቸው ሬይ ዶልቢ በመስከረም 2013 በ80 ዓመታቸው ሲያርፉ ካሴት ከብዙ ቤት ወጥቶ ነበር፤ ስማቸው ግን በቴሌቪዥኑና በስልኩ ላይ ነበር።

በነፃ የተሰጠው ካሴት

የፈቃድ ነገር ሲነሣ ካሴቱ ራሱም ታሪክ አለው። የዛሬውን ካሴት ቅርፅ የሰጠው የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ቡድን መሪ ሉ ኦተንስ ነበሩ። ኦተንስ መሣሪያው ምን ያህል ማነስ እንዳለበት ለመወሰን በኮታቸው ኪስ የሚገባ የእንጨት ቁራጭ አዘጋጅተው በእርሱ ልክ እንዲሠራ ማድረጋቸው ይነገራል። ካሴቱ በ1963 በበርሊን የራዲዮ ትርዒት ላይ ቀረበ። ፊሊፕስ ከፈቃዱ ክፍያ ማግኘት ይችል ነበር፤ ነገር ግን የጃፓኑ ሶኒ ባደረገው ግፊት ፈቃዱን ያለ ክፍያ ሰጠ። ቅድመ ሁኔታው አምራቾች ሁሉ የተወሰነውን ልክ እንዲጠብቁ ነበር። በውጤቱም በጃፓን የተሠራ ካሴት በጀርመን ቴፕ፣ በሪያድ የተቀዳ ካሴት በደሴ ወይም በጅማ ቤት ሊደመጥ ቻለ። ፈቃድን በነፃ መስጠትም ራሱን የቻለ የንግድ ስልት መሆኑን ይህ ያሳያል።

በኪስ የሚያዝ ድምፅና የፍርድ ቤት ዓመታት

ሦስተኛው ታሪክ መራራ ነው። አንድሪያስ ፓቬል በ1945 በጀርመን ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ብራዚል የሄዱ ሰው ናቸው። ሰው እየተራመደ ጥራት ያለው ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እንዲሰማ የሚያስችል፣ በሰውነት ላይ የሚታጠቅ መሣሪያ አሰቡ፤ በ1972ም በስዊዘርላንድ ተራሮች በበረዶ መካከል እየሄዱ ሞከሩት። ሐሳቡን ለታላላቅ የአውሮፓና የጃፓን ኩባንያዎች አቀረቡ። የተሰጣቸው መልስ ግን ሰው በአደባባይ ጆሮውን ደፍኖ መሄድ አይፈልግም የሚል ዓይነት ነበር።

ፓቬል በ1977 በጣሊያን የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ፤ ቀጥለውም በሌሎች አገራት አመለከቱ። በሐምሌ 1979 ሶኒ ዎክማንን በጃፓን ገበያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በካሴት የሚሠራው ዎክማን ብቻ ከ200 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

በፓቬልና በኩባንያው መካከል ድርድር በ1980 ተጀመረ። በ1986 ሶኒ በጀርመን ለሚሸጡ አንዳንድ ሞዴሎች ብቻ የተወሰነ ክፍያ ለመክፈል ተስማማ። ፓቬል በዚህ ስላልረኩ በእንግሊዝ ክስ መሠረቱ፤ ፍርድ ቤቶቹ ግን ፓተንቱ ሊጸና አይገባውም ብለው ወሰኑባቸው፤ በ1996 ይግባኙ ውድቅ ሲሆን በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር የክርክር ወጪ ተቆለለባቸው። እርሳቸው ግን ፓተንት ባገኙባቸው ሌሎች አገራት እንደሚከሱ አስታወቁ። ጉዳዩ በ2003 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ተዘጋ፤ የተከፈላቸው ገንዘብ መጠን በይፋ አልተገለጸም። ከመጀመሪያው ድርድር እስከ ስምምነቱ 23 ዓመታት አልፈዋል።

ሁለቱን ሰዎች የለያያቸው የብልህነት መጠን አይደለም። ዶልቢ በእጃቸው የነበረው አንድ የተወሰነ የአሠራር ዘዴ ነው፤ ፋብሪካዎች ያለ እርሱ ያንኑ ውጤት በቀላሉ አያገኙም ነበር። የፓቬል ግን የነበሩ ዕቃዎችን በአዲስ መልክ ማቀናጀት ነው፤ እንዲህ ያለውን ፍርድ ቤት «ማንም ሊያስበው ይችል ነበር» ለማለት ይቀለዋል። ደግሞም ዶልቢ ከፋብሪካዎቹ ጋር የተገናኙት በውል ነው፤ ፓቬል ግን ሐሳባቸውን ለማመልከት አምስት ዓመት ወስደዋል።

የሪያዱ ስምምነት ምን ይዟል?

ሕጉ የአእምሮን ፍሬ በየዓይነቱ ይለያል። ፓተንት ዕቃው የሚሠራበትን ዘዴ ይጠብቃል። የኢንዱስትሪ ንድፍ ዕቃው ለዓይን የሚታይበትን ቅርፅ፣ መስመርና ጌጥ ይጠብቃል። የንግድ ምልክት ስሙን ይጠብቃል። አንድ የጀበና ማሞቂያ ምድጃ በውስጡ አዲስ የአሠራር ዘዴ፣ በላዩ አዲስ ቅርፅ፣ በፊቱ አዲስ ስም ሊኖረው ይችላል፤ ሦስቱም በየራሳቸው መዝገብ ይሰፍራሉ።

በሪያድ የጸደቀው ስምምነት የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ድርድር የተደረገበት ይህ ሰነድ፣ ንድፍ ለማስመዝገብ የሚጠየቀው ሥርዓት በየአገሩ እንዲቀራረብና እንዲቀል ያለመ ነው። ከድንጋጌዎቹ አንዱ ለአነስተኛ ሠሪዎች ትልቅ እፎይታ ይሰጣል፦ ፈጣሪው ንድፉን ለሕዝብ ካሳየ በኋላ ማመልከቻ ለማስገባት የ12 ወር ጊዜ ይኖረዋል፤ በእነዚህ ወራት ሥራውን ማሳየቱ አዲስነቱን አያሳጣውም። ማመልከቻ ካስገባ በኋላም ንድፉ ቢያንስ ለስድስት ወር ሳይታተም እንዲቆይ መጠየቅ ይችላል፤ ዕቃው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ተፎካካሪ እንዳያየው ነው። የማመልከቻ ቀነ ገደብ ያለፈበት ሰው መብቱን ጨርሶ እንዳያጣም የሚረዱ አንቀጾች አሉት።

አባል አገራት ከፈለጉ፣ አመልካቹ ንድፉ የተመሠረተበትን ባህላዊ ጥበብ ወይም እውቀት ምንጭ እንዲገልጽ መጠየቅ ይችላሉ። የሐረር ሴቶች የስፌት ጌጥ ወይም የሸማኔ ጥለት በሌላ አገር ፋብሪካ ተቀድቶ የአንድ ኩባንያ ንብረት ተብሎ እንዳይመዘገብ ለሚሰጉ ሁሉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ስምምነቱ ተግባራዊ የሚሆነው 15 ወገኖች ሲያጸድቁት ወይም ሲቀላቀሉት ነው፤ እስከዚያ ድረስ የየአገሩ ሕግ እንዳለ ይጸናል። ስለዚህ ማንም ሰው የ12 ወሩን ጊዜ ተማምኖ ሥራውን አስቀድሞ አደባባይ ማውጣት አይገባውም።

ስምምነቱ በሪያድ መጽደቁ ከመንገዱ የወጣ አይደለም። የባሕረ ሰላጤው የትብብር ምክር ቤት የፓተንት ቢሮ መቀመጫው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ ማመልከቻ መቀበል የጀመረው በ1998 ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2013 የዓለም አቀፉ የፓተንት ትብብር ስምምነት አባል ሆናለች። የሳዑዲ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንም ፓተንትን፣ ንድፍን፣ የንግድ ምልክትንና የቅጂ መብትን በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቦ ይዟል።

መብቱ በሸሪዓ ዓይን

አንዳንድ ሰው «እውቀት የአላህ ስጦታ ነው፤ እንዴት የአንድ ሰው ንብረት ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በ1206 የመሣሪያዎቹን መጽሐፍ ያጠናቀቀው አል ጀዘሪ፣ የውኃ ሰዓቶቹንና የውኃ መሳቢያዎቹን አሠራር ከነሥዕሉ ዘርዝሮ የጻፈው ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ሊሠራቸው እንዲችል ነው። እውቀትን መደበቅ የሙስሊም ሊቃውንት ወግ አልነበረም።

ሆኖም ፓተንት እውቀትን መደበቂያ አይደለም፤ በተቃራኒው ፈጣሪው አሠራሩን ለሕዝብ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ በምትኩም ለተወሰኑ ዓመታት ጥቅሙ ይጠበቅለታል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ ምክር ቤት በታኅሣሥ 1988 በኩዌት ባካሄደው አምስተኛ ጉባኤው በዚህ ላይ ውሳኔ አሳልፏል። በውሳኔ ቁጥር 43፣ የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክት፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት በዘመኑ ልማድ የገንዘብ ዋጋ ያላቸው መብቶች በመሆናቸው በሸሪዓ የተከበሩ ናቸው፤ ሊጣሱም አይገባም ሲል ደንግጓል። ማታለልና ማምታታት እስከሌለ ድረስም ባለቤቱ በገንዘብ ሊያስተላልፋቸው እንደሚችል አመልክቷል። ዶልቢ ያደረጉት የፈቃድ ኪራይም ከዚሁ ዓይነት ነው።

ለአገር ልጅ የሚተርፈው

ኢትዮጵያ በፈቃድ ውል ያገኘችው ልምድ አለ። በ2005 የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋጨፌ የቡና ስሞችን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። ከተቃውሞና ከክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። ኢትዮጵያ የመረጠችውም ክፍያ የማይጠይቅ ፈቃድ ነበር፤ ዓላማው ስሙ በገዢው ዘንድ እንዲታወቅና የባለቤቱ መብት በጽሑፍ እንዲጸና ነው። ከካሴቱ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል።

በአገር ውስጥ በ1995 የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 ለፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፤ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል። አዋጁ «አነስተኛ ፈጠራ» የሚል ክፍል ማካተቱ ለጋራዥና ለብረታ ብረት ባለሙያ ይጠቅማል፤ ዓለምን የሚያስደንቅ ግኝት ባይሆንም አዲስና የሚሠራ ማሻሻያ ሊመዘገብ ይችላልና።

በሪያድ ለሚኖር ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። በሳዑዲ ሕግ አንድ ሰው በሥራ ውሉ መሠረት ወይም በአሠሪው መሣሪያና መረጃ ተጠቅሞ የፈጠረው ነገር መብቱ የአሠሪው ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛው ግን ለልፋቱ ልዩ ክፍያ ይገባዋል። በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ዕቃና በራሱ ገንዘብ የሠራው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ቀኑ የተጻፈበት ማስታወሻ፣ የተቀመጠ ሥዕልና የዕቃ መግዣ ደረሰኝ ነው።

ፈቃድ የሚሰጥ ሰውም በውሉ ላይ አምስት ነገር ማየት ይኖርበታል። ፈቃዱ በየትኞቹ አገራት ይሠራል? ለስንት ዓመት ነው? ለአንድ ድርጅት ብቻ ነው ወይስ ለሌላም ሊሰጥ ይችላል? ክፍያው በተሸጠው ዕቃ ቁጥር ነው ወይስ በአንድ ጊዜ ይዘጋል? አስመሳይ ቢነሣ የክርክሩን ወጪ የሚሸከመው ማን ነው? ፓቬልን ያደከማቸው ይኸው የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

ዛሬ በብዙ ቤት ካሴቶቹ በሣጥን ተቀምጠዋል። ከሞቱ የቆዩ አባት ለልጆቻቸው ያስተላለፉት ምክር፣ ከስደት የተላከች ሰላምታ፣ የአንድ ረመዳን ለሊት ቲላዋ በውስጣቸው አለ። ቴፑን አውጥቶ ያቺን ቁልፍ የሚጫን ሰው ሽሽታው ወደ ኋላ ሲሸሽና የሚወደው ድምፅ ወደ ፊት ሲቀርብ ይሰማል። ያንን ያደረገለት ሰው ስም በቴፑ ፊት ላይ ተጽፏል፤ እዚያ የቆየውም በውል ነው።